ዐሥር ዓመት ሙሉ

በኅዳር ዝናብ ምን አመጣው? ከጅሬን በኩል የጠቆረውን ሳላይ ቀርቼ፣ ጓሮ የተሰጣው ቡና ግማሹ ራሰ። ድሮ ቢሆን ሰማዩ ሳይዳምን «ስጡን አንሡ!» የሚል ድምፅ ነበር፤ የእታለም ድምፅ።

በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የራሰውን ከደረቁ ስለይ ሐሳቤ ጠዋት ወዳስተማርኩት ፒ53 ሄደ። ይህ ፕሮቲን ሌሎች ጂኖችን የሚያዝ ነው። ጤነኛ ሴል ውስጥ አይበረክትም፤ ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየተከታተለ ያስወግደዋል። ዲኤንኤ ሲጎዳ ግን ከአሳዳጁ እጅ ይወጣና ይበዛል፤ ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቆ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ፒ21 የተባለውን ጂን አስነሥቶ ሴሉ እንዳይከፋፈል ያደርጋል፤ ጉዳቱ እስኪጠገን። የማይጠገን ከሆነም ሴሉን ወደ ሞት ይመራዋል። እብጠት ሊሆን የነበረው ሴል ሳይባዛ ይቀራል። በሰው ከሚከሰቱት ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ይኸው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል።

ተማሪዎቼ ይህን ጻፉ። እኔን የያዘኝ ግን ስሙ የጠፋበት ዘመን ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ካንሰር ሴሎች ውስጥ በብዛት ስለታየ፣ ካንሰር አምጪ ተባለ። የእሱ ነገር የተጣራው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ የተመረመሩት የጂኑ ቅጂዎች የተበላሹ ነበሩ፤ ጤነኛው እብጠትን ይከላከላል እንጂ አያመጣም። ዐሥር ዓመት ሙሉ! ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

የእማዬን ጡት እብጠት መጀመሪያ ያስተዋለችው እታለም ናት። ምርመራ ይደረግ ብላ ቤቱን ስታስጨንቅ «አታሟርቺ» አልናት። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ «አፏ ነው ያመጣው» ተባለ። ማን አለ? ሌላውን መጥቀስ ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ አንዲት ቃል አልመለሰችም። እማዬ ታክማ ከተነሣች በኋላ ግን እግሯ ከደጃችን ቀረ፤ ለበዓል እንኳ በሰው ነው እንኳን አደረሳችሁ የምትልከው።

እማዬ አሁን ጓዳ ቡና ትቆላለች፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ያኔ እታለም ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ይህን ሽታ ማን ያመጣልኝ ነበር? ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። እማዬ ሲኒ ስትደረድር ይሰማኛል፤ ዛሬም የእሷን ጨምራ ትደረድር ይሆን? ብደውል፣ ከየቱ ቃል ልጀምር?