መኪናው ደህና ነው፤ ሰውየውስ?

በድንጋይ ካባ ውስጥ ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ መኪናው ነው። ቦታው የሕዝብ መንገድ ስላልሆነ የትራፊክ ፖሊስ አይመጣም። የስምሪት ኃላፊው «ይሠራል?» ይላል፤ የሚሠራ ከሆነ ጭነቱን ይዞ ይቀጥላል። በካባው ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። ያ ረዳት የመጣ ዕለት ግን አስቆጣኝ።

ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ወደ መፍጫው ሲያመራ፣ ከክምሩ ጀርባ ወደ ኋላ የወጣ ሎደር ጋቢናውን በሹፌሩ በኩል መታው። ሁለቱም በዝግታ ነበር የሚሄዱት። በሩ ጎደጎደ፣ መስታወቱ ረገፈ፤ ሹፌሩ ቀበቶ አስሮ ስለነበር ከድንጋጤ በቀር የደረሰበት ነገር የለም። የተጎዳው ማዶ የተቀመጠው ረዳት ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲገፋ ያልታሰረው ሰውነቱ ባለበት ቀረና፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል በሽቦ ከታሰረው ክሪክ ጋር በግራ ጎኑ ተላተመ። የእሱ ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ አቧራ ሲበላው ኖሯል።

ወደ ክሊኒኩ የመጣው በእግሩ ነው፤ ክንዱ ተጭሮ ነበር።

«ሲስተር፣ ይህችን ይጥረጉልኝና ልሂድ። ምንም አልሆንኩም።»

ቁስሉን እያጠብኩ ሌላ የሚያመው ነገር እንዳለ ስጠይቀው የግራ ትከሻውን አሳየኝ። ትከሻው ላይ ግን እብጠትም ሆነ ጭረት አልነበረም፤ ክንዱንም እንደ ልቡ ያነሳል። አልጋው ላይ ሳስተኛው ሕመሙ ባሰበት። የደም ግፊቱ 118 በ76 ሲሆን የልብ ምቱ ግን በደቂቃ 116 ነበር።

አብሮት የመጣው ፎርማን «ደንግጦ ነው፤ ውኃ ይጠጣና ይረጋጋል» አለ። የደነገጠ ሰው ሲያርፍ ምቱ ይወርዳል። የእሱ ጥቂት ካረፈ በኋላ 124 ደረሰ። የግራ ጎኑን የታችኛ የጎድን አጥንቶች በጣቴ ስነካም ፊቱ ተቀየረ።

ጣፊያ የምትገኘው ከእነዚያ አጥንቶች ሥር ነው። ስትቀደድ የሚፈሰው ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው እዚያው ሳይሆን ትከሻ ላይ ነው፤ ለዚያ ጡንቻ የሚሄደው ነርቭ ከአንገት ስለሚነሳና የትከሻ ስሜትም ከዚያው አካባቢ ስለሚመጣ። የደም ግፊት ደግሞ ያታልላል። አንድ አዋቂ ሰው ከደሙ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲያጣ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ምቱ ነው፤ የላይኛው ግፊት የሚወድቀው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። ግፊቱ እስኪወድቅ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

ውኃውን ከፎርማኑ እጅ ተቀበልኩት፤ ቀዶ ሕክምና ሊጠብቀው የሚችል ሰው ምንም አይቀምስም። ደም ሥሩ ላይ መስመር ከፍቼ፣ አስተኝተን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። አልትራሳውንዱ ሆዱ ውስጥ ደም አሳየ፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተረፈ። ወደ መኪናው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የሚወድቀው ከክሊኒኩ ርቆ፣ ከጭነቱ ጋር ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ የግጭት መመዝገቢያ ቅጹን ይዤ ገባሁ። የበር፣ የመብራትና የጎማ ረድፍ አለው፤ ጋቢና ውስጥ ማን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን የለም። አንድ አንጋፋ ሹፌር እጁን አንስቶ «በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ግዙፍ መኪና ሰው ይጎዳል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የብዙዎቹ ስለነበር አልናቅሁትም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ቀጥ ሲል፣ ያልታሰረ ሰው ከፊቱ ካለው ብረት ጋር የሚላተመው ከ1.5 ሜትር ከፍታ በወደቀበት ፍጥነት ነው፤ በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ3.5 ሜትር። የመኪናው ግዝፈት የሚጠቅመው ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ነው፤ ካባ ውስጥ የሚገናኙት ግን ግዙፍ ከግዙፍ ጋር ነው። ብረቱ ሳይጎዳ መቅረቱም ስለ ሰውየው የሚናገረው ነገር የለም።

ክሪኩና መፍቻዎቹ ከጋቢና ወጥተው ውጭ ካለው የዕቃ ሣጥን ገቡ። የረዳቶቹ ቀበቶዎች ተጠገኑ። አስሮ መቀመጥም ብቻውን አይበቃም፤ ማሰሪያው ሆድ ላይ ካረፈ ራሱ አንጀት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ እያንዳንዳቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው።

በጣም የተከራከርነው ስለ ጊዜ ነው። የተጋጨ መኪና ውስጥ የነበረ ሁሉ፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ ክሊኒክ መጥቶ ምቱ ተለክቶ፣ አርፎ፣ እንደገና ሳይለካ ወደ ሥራ እንዳይመለስ ጠየቅሁ። የስምሪት ኃላፊው ምልልስ ይቀንሳል ብሎ ተቃወመ። የደገፈኝ ያ አንጋፋ ሹፌር ነበር፤ ቅጹን ተቀብሎ «እኛን የሚጠይቅ ረድፍ ከላይ ይግባ» አለ። ከላይ ገባ።