በቅያሬ የሰጠሁት ቪትዝ፣ «ደብቀውናል» የተባልኩበት ጉዳት እና ክርክሩን የፈታሁበት መንገድ

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳሁትን ቶዮታ ቪትዝ ስታዲየም አካባቢ ለሚገኝ አንድ የመኪና መሸጫ አስረክቤ፣ ልዩነቱን በብር ጨምሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ወሰድኩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለው ቅያሬ በከተማችን ተለምዷል። ቪትዙ በ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ተገመተልኝ፤ የመሸጫው መካኒክም ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሥሩ ገብቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ካየው በኋላ ነበር ዋጋው የተቆረጠው። በ19ኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ይህ መኪና ከፊት በኩል በኃይል የተመታ ነው፤ ደብቀውናል። ወይ 220 ሺህ ብር ይመልሱልን፣ ወይ መኪናዎን ይውሰዱ» አለኝ። የወሰድኩት መኪና ሊብሬ ገና በስሜ አልዞረም፤ በእነርሱ እጅ ነበር።

ከብሩ ይልቅ የከበደኝ «ደብቀውናል» የሚለው ቃል ነው። በ2012 ዓ.ም. ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አንድ ሚኒባስ የኋላውን ግራ በር ጨርምቶብኝ፣ በሩን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ አስቀይሬ ነበር፤ ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነግሬው «ይህ ምንም አይደለም» ብሎኝ አልፏል። ከፊት በኩል ግን በእኔ እጅ ሳለ አንድም ጊዜ አልተመታም። ይሁን እንጂ ስለበሩ የነገርኩትም ሆነ ስለፊቱ የማላውቀው ነገር፣ ሁለቱም በተፈራረምነው ወረቀት ላይ አልነበሩም። ወረቀቱ የሁለቱን መኪኖች ሰሌዳና ሻንሲ ቁጥር፣ ልዩነቱን እና «ባሉበት ሁኔታ ተረካክበናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የያዘ ነበር።

ሌላም የባሰ ጉዳይ ነበር። ቪትዙን ያስረከብኩት በሽያጭ ውል ሳይሆን በውክልና ነው። ነጋዴው ስም ማዞሪያ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ሲል የመጨረሻው ገዢ እስኪገኝ በውክልና መያዝ ይመርጣል፣ እኔም የተለመደ አሠራር ነው ተብዬ ፈረምኩ። ስለዚህ መኪናውን ሰጥቼም ባለቤቱ በመዝገብ ላይ እኔው ነበርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ በእነዚያ 19 ቀናት ውስጥ አንድ የመሸጫው ሠራተኛ ሰው ቢገጭበት ኖሮ የሚጠየቀው በመዝገብ ላይ ያለው ስሜ ነው። ይህን የተገነዘብኩት ክርክሩ ከተነሣ በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

በስልክ አልተከራከርኩም። የትኛው ክፍል እንደተጎዳ፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንደታየ በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ ጠየቅኩ፤ በማግስቱም መካኒካቸው የጻፈው አንድ ገጽ መጣልኝ። በሁለት ቦታ የጋራዥ ብየዳ መኖሩን ይናገራል፦ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ እንዲሁም በፊት ቀኝ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት ላይ። ያችን አንድ ገጽ ባላገኝ ኖሮ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ክሱ «የተመታ መኪና ነው» ከሚል ድፍን ቃል ወጥቶ በጣት ሊጠቆም የሚችል ነገር ሆነ። የዚያኑ ዕለት ማታ የእኔን ወረቀቶች ሰበሰብኩ፦ የበሩን ደረሰኝ፣ የየዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ ውጤት፣ ከመድን ድርጅቴም በስሜ የተመዘገበው የካሳ ጥያቄ የ2012ቱ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማግኘት ማመልከቻ አስገባሁ። ደብዳቤው በአምስት ቀን ደረሰልኝ።

ልደታ ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ዘመዴ ጉዳዩን ሲያብራራልኝ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀመጠልኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዕቃ ልውውጥ ውስጥ እያንዳንዱን ወገን ለሰጠው ዕቃ እንደ ሻጭ፣ ለተቀበለው እንደ ገዢ ያየዋል፤ ስለዚህ ቪትዙን በተመለከተ ሻጩ እኔ ነኝ። ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ስላለ ጉድለት ዋስትና አለበት፣ «አላውቅም ነበር» ማለቱም ብቻውን ነፃ አያወጣውም። በሌላ በኩል ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሲዋዋል ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያልፈው የማይችለውን ግልጽ ጉድለት ኋላ ሊያነሣ አይችልም። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ዋስትናን የሚያስቀር ውል እንኳ አይጠቅመውም። «ጉድለት አለበት» እና «ደብቀሃል» የተራራቁ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ተረዳሁ፤ ለመጀመሪያው በከፊል መጠየቅ እችላለሁ፣ ለሁለተኛው ግን መልስ መስጠት የነበረብኝ ለብር ብዬ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያቀረብኩት ሐሳብ መኪናውን የእነርሱም የእኔም ያልሆነ ጋራዥ ይየው የሚል ነው። ሁለታችንም የተስማማንበት ጋራዥ ልደታ አካባቢ ተገኘ፣ ክፍያውን እኩል ተካፈልን፣ ሁለታችንም ቆመን አየን። ባለሙያው በቀለም ውፍረት መለኪያ ጀመረ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ይሆናል፤ ጣራው 118 አነበበ፣ የተቀየረው የኋላ በር 260፣ የፊት ቀኝ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ግን የጎደጎደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ስቱኮ ከቀለሙ ሥር ስላለ ከ900 በላይ ዘለለ። ቀጥሎም ብየዳዎቹን አሳየን። የፋብሪካ ብየዳ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ክብ ነጥቦች ሲሆኑ የጋራዥ ብየዳ ያልተስተካከለ መስመር ነው፤ በሁለቱም ቦታ የነበረው የጋራዥ ነው። ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ ያለው ከአደጋ የመጣ አልነበረም። በከተማችን ከሚነዱት ቪትዞች ብዙዎቹ ለጃፓን መንገድ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ የተሠሩና ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ግራ የተዛወረላቸው ናቸው፤ መሪው ሲዛወር ያ ግድግዳ ይቆረጣል፣ ይበየዳልም። የመሸጫው መካኒክ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። የሻንሲው ብየዳ ግን እውነተኛ የአደጋ ጥገና ነበር፤ እኔም በዓይኔ አይቼ አመንኩ።

የቀረው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ባለሙያው ዝገቱንና የቀለሙን አረጃጀት አይቶ «የቆየ ነው» ከማለት አላለፈም። መልሱ የተገኘው ከሻንሲ ቁጥሩ ነው። በጃፓን ያገለገሉ መኪኖች ሲሸጡ በጨረታ ቤቱ መርማሪ የሚሞላ ወረቀት አለ፤ በላዩ ላይ የመኪናው ሥዕል ተስሎ ጭረቱ፣ የተጠገነው፣ የተቀየረው ክፍል በምልክት ይቀመጥበታል፣ አደጋ ደርሶበት የተጠገነ መኪናም «አር» የሚል ደረጃ ይሰጠዋል። ይህን ወረቀት በሻንሲ ቁጥር ፈልገው በክፍያ የሚያወጡ አሉ፤ ሁልጊዜ ባይገኝም የእኔው ተገኘ። ቀኑ በፈረንጆቹ 2015 ነው፣ ደረጃው «አር»፣ በፊት ቀኝ ፓራፋንጎ ላይም «ኤክስ ኤክስ» ተጽፎበታል፤ ይህም ክፍሉ ተቀይሯል ማለት ነው። እኔ መኪናውን ከአስመጪ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳሁትን መኪና ታሪክ ለማወቅ ጥቂት ብርና ሁለት ቀን ብቻ ይበቃ እንደነበር ሳስብ፣ በገዛሁበት ጊዜ አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ወረቀቱን፣ የመድኑን ደብዳቤና የጋራዡን ውጤት ይዤ ሄድኩ። በአካባቢው ነጋዴዎች ዘንድ የተከበሩ አንድ አባት በሽማግሌነት ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም አንብቦ «ጋሼ፣ ደብቀውናል ማለቴን አንሥቻለሁ» አለ፤ ለእኔ ክርክሩ ያበቃው በዚያች ቅጽበት ነው። ስለብሩ ሲነሣ ጉድለቱ በእርግጥ መኖሩን፣ እነርሱም ባለሙያ አቁመው መርምረው መቀበላቸውን ሽማግሌው ጎን ለጎን አስቀመጡና 50 ሺህ ብር እንድሸከም፣ የቀረውን እነርሱ እንዲሸከሙ ፈረዱ። ጠበቃ ዘመዴ ፍርድ ቤት ብሄድ ምንም ላልከፍል እንደምችል ነግሮኝ ነበር፤ ሆኖም ሊብሬው ታግዶብኝ ወራት ከምቆይ ይህ ይሻለኛል ብዬ ተቀበልኩ፣ አሁንም ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ብሩን የከፈልኩት ግን በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልናው ተሽሮ፣ በምትኩ የሽያጭ ውል ተፈርሞ፣ የአዲሱ መኪና ስም ማዞሪያም በዚያው ሳምንት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ኮሮላውን ሊቀይር ሲነሣ አብሬው ሄድኩ። ከውሉ ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ አስቀድመን ጽፈን ነበር፦ «መኪናውን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይዤዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. የፊት ፓራውልቱ ተመትቶ ተቀይሯል፣ ደረሰኙ ተያይዟል። ከ2013 ዓ.ም. በፊት ስለደረሰበት ጉዳት የማውቀው ነገር የለም፤ ተቀባዩም በራሱ ባለሙያ አስመርምሮ ተቀብሏል።» ነጋዴው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበና መካኒኩን ጠርቶ እንደገና አስፈተሸ። መካኒኩ በኋላ በኩል እኛ ያላየነው የተቀባ ቦታ አገኘ፤ ያንንም በገዛ እጁ ከገጹ ግርጌ ጨምሮ ጻፈ፣ ከዋጋውም 15 ሺህ ብር ተቀነሰ፣ የእህቴ ልጅም ሳያቅማማ ፈረመ።