ስንት ትገፋለህ አትበሉኝ፣ እንዴት ታወርዳለህ በሉኝ

ጂም ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፤ «ቤንች ስንት ትገፋለህ?» ስም የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቤንች ማለት አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ብረት ወደ ደረት አውርዶ መልሶ መግፋት ነው። እኔም ለዓመታት በደስታ ስመልስ ኖሬያለሁ። 170 ኪሎ ስል የሰው ዓይን ፈጠጥ ሲል ማየት ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ሆኖብኛል። የደረቴ ጡንቻ የተበጠሰው ስገፋ አይደለም። ሳወርድ ነው።

የሆነው ውድድር ላይ ነው። የምወዳደረው በፓወርሊፍቲንግ ነው፤ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ፣ ዴድሊፍት (ብረት ከወለል ማንሳት)፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሙከራ። የክብደት ምድቤ 93 ኪሎ ነው። ስኳቱ ሰምሮልኝ የቤንች ሁለተኛ ሙከራዬ ላይ ደርሻለሁ። ዳኛው «ስታርት» አለ። ማውረድ ጀመርኩ። ብረቱ ደረቴ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ቀኝ ብብቴ አጠገብ አንድ ነገር ሄደ። ወፍራም ጨርቅ ሲተረተር ያለው ዓይነት ድምፅ ነበረው። አሰልጣኜ ከመድረኩ ሥር ቆሞ ሰምቶታል። ግራና ቀኝ የቆሙት ልጆች ብረቱን አፈፍ አደረጉልኝ፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ይገርማችኋል፣ ሕመሙ የምትፈሩትን ያህል አልነበረም። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ድንዛዜ። ያስደነገጠኝ እጄ አልታዘዝ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ጡንቻህ ተስቦ ነው፣ በረዶ አድርግበትና እረፍ» ብሎ ሸኘኝ። አልፈርድበትም፣ እብጠቱ ሁሉን ነገር ሸፍኖት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ደሙ ወደ ታች እየወረደ ክንዴ በውስጥ በኩል እስከ ክርኔ ድረስ ጠቆረ። እብጠቱ ሲጎድል መስታወት ፊት ቆምኩና ሁለት እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ ጫን አልኩ። በግራ በኩል ብብትን ከፊት የሚዘጋው፣ ከደረት ወደ ክንድ የሚያልፈው ወፍራም እጥፋት ተገትሯል። በቀኝ በኩል የለም። ጣቴን ብሰድበት ባዶ ነው። ጡንቻው ወደ ደረቴ መሃል ተሰብስቦ ጉብ ብሏል። ኤምአርአይ ስነሳ መልሱን አውቄዋለሁ ማለት ይቻላል። የትልቁ የደረት ጡንቻ ጅማት ከክንድ አጥንቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ተነቅሏል።

ለምን ሲወርድ? ይህን ጥያቄ ለቀዶ ሐኪሙም፣ ለፊዚዮቴራፒስቷም፣ ላገኘሁት ሁሉ ጠይቄያለሁ። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ እያጠረ ከሚሠራበት ጊዜ የበለጠ ጉልበት ይሸከማል። ለዚህ ነው መግፋት የማንችለውን ክብደት ቀስ ብለን ማውረድ የምንችለው። ችግሩ ብረቱ ወደ ደረት ሲጠጋ ነው። ክርን ከሰውነት ኋላ ሲያልፍ ከደረት አጥንት የሚነሱት የታችኞቹ ክሮች ከሌሎቹ ይልቅ ይወጠራሉ። ውጥረቱ ጫፍ በደረሰበት ቦታ ላይ ጭነቱም ሙሉ ነው። ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ፣ ያውም ቤንች ላይ መሆኑ አያስገርምም። እኛ ደግሞ መውረጃውን ከቁም ነገር አንቆጥረውም። ለመግፋት የሚከፈል ግብር አድርገን ነው የምናየው።

ቀዶ ጥገናው ቶሎ ቢሆን ይሻላል አሉኝ። ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ጡንቻው እያጠረ፣ በጠባሳ እየተጣበቀ፣ ወደ ቦታው ለመሳብ ያስቸግራል። ገባሁ። ጅማቱን በጠንካራ ክር ሰፍተው አጥንቱ ላይ መልሰው አሰሩት። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። ክንድ ማንጠልጠያ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል። በዚያ ጊዜ ክንድን ወደ ጎን መዘርጋትና ወደ ውጭ ማዞር ክልክል ነው፤ አዲሱን ስፌት የሚስበው እሱ ነው። ሸሚዝ መልበስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነብኝ። ሲለበስ የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይወጣል። ብብት ለመታጠብ ከወገብ ጎንበስ ብሎ እጅን ልቅቅ አድርጎ ማንጠልጠል ነው፤ በመሃል የሚከፈተው ቀዳዳ ይበቃል። እንቅልፍ በትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳሉ። እናቴ ቁልፍ ስትቆልፍልኝ «አንተ ልጅ፣ ያ ብረት ምን በደለህና ነው የምትታገለው?» አለችኝ። 93 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለዚህ መልስ የለውም።

ማንጠልጠያው ሲወልቅ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያው ሥራዬ ጎንበስ ብዬ እጄን ማወዛወዝ ሆነ። ቀጥሎ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ዱላ በሁለት እጅ ይዞ ማንሳት። ዱላ! አጠገቤ ጉልበቷን የምታስታምም አንዲት ሴትዮ ነበረች። እኔ ስንቀጠቀጥ አይታ «አይዞህ፣ ይለምዳል» ስትለኝ በሳቅ ልሞት። በዚህ መሃል ጤነኛውን ግራ እጄን በዳምቤል፣ በአንድ እጅ በሚያዝ አጭር ብረት፣ እንዳሠራ ተነገረኝ። መጀመሪያ ለማጽናኛ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ አንድ ጎን ሲሠራ የነርቭ ሥርዓቱ ያልሠራውም ጎን ጉልበቱን በመጠኑ እንዲይዝ ያግዘዋል። ስኳቱንም በዚህ ጊዜ ነው የመለስኩት። ተራውን ብረት ከኋላ መያዝ ትከሻን ስለሚያዞር፣ እጀታው ከፊት በሆነው ልዩ ብረት ነው የሠራሁት።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይኸውላችሁ። ሕመሙ የሚጠፋው ጅማቱ ከመጠንከሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጅማት የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ነው፣ ከአጥንት ጋር የሚዋሃደውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ምንም የማያምህ፣ ክንድህ እንደ ልብህ የሚንቀሳቀስበት፣ ጓደኞችህም «አሁንማ ድነሃል» የሚሉህ ጊዜ ይመጣል። ያኔ ነው መጠንቀቅ። ከባድ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በፊት አይፈቀድም። «ጉዳት ያጠነክራል» የሚሉ ቪዲዮዎችንም ተዉአቸው፣ እባካችሁ። ጉዳት ያዳክማል። የሚያጠነክረው ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ሥራ ነው።

ባዶውን ብረት፣ ያችን 20 ኪሎ፣ መልሼ የያዝኩ ዕለት ፊዚዮቴራፒስቷ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዘችኝ፤ «ስለ መግፋቱ አታስብ፣ እሱን እኔ አግዝሃለሁ። አንተ አውርድ፣ እስከ አምስት እየቆጠርክ።» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ደህና። አራት ላይ ብረቱ ከደረቴ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። አልወርድም አለ። ሕመም የለም። ድካምም አይደለም፣ ክብደቱ ለእኔ ምንም ነው። ግን ክርኔ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሼ ታገደ፣ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ። ሰውነቴ ያን ቦታ ያውቀዋል። «እዚህ ጋ ነው የተጎዳነው» እያለኝ ነው። እሷም አልገፋፋችኝም። ደረቴ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ አስቀመጠችና እስከ ፎጣው ብቻ አውርድ አለችኝ። እየቆየች ፎጣውን አሳሳችው። አንድ ቀን ፎጣ አልነበረም፣ እኔም ልብ አላልኩም።

አያያዜም ተቀይሯል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ በሁለቱ ሌባ ጣቶች መካከል የሚፈቀደው ከፍተኛው ስፋት 81 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔም እዚያው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ሰፊ ሲሆን ብረቱ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ ደረቱ ግን ይበልጥ ይወጠራል። አሁን ጠበብ አድርጌ ነው የምይዘው። ሥራው ወደ ክንዴ ኋላ ጡንቻ ሄዷል፣ ቁጥሬም ወርዷል። ብዙ አላዘንኩም።

አሁን የምገኘው እዚህ ነው። 125 ኪሎ በዝግታ አውርጄ፣ ደረቴ ላይ አቁሜ፣ እገፋለሁ። ሐኪሙ ፈቅዷል። አሰልጣኜ ለሚቀጥለው ውድድር ስሜን አስመዝግቧል። የተጨቃጨቅነው በመክፈቻው፣ ማለትም በመጀመሪያው ሙከራ ክብደት ላይ ነው። ውድድር ላይ አንዴ ከከፈትክ በኋላ ክብደቱን መቀነስ አይቻልም። ብረቱም ደረት ላይ ደርሶ ጸጥ እስኪል ዳኛው «ፕሬስ» (ግፋ) አይልም። ማለትም ያን የምፈራውን ቦታ ሰው እየተመለከተኝ፣ ሌላ ሰው እስኪያዘኝ ድረስ ልቆይበት ነው። አሰልጣኜ «በ130 ክፈት፣ ጉልበቱ አለህ» ይላል። ጉልበቱማ አለኝ። እኔ 110 ነው የምለው። እስካሁን አልተስማማንም።