ሁለት መርከቦች፣ አንድ ቀን፦ የተቀናቃኝ አሳሾችን ልብ ወለድ የጻፍኩበት መንገድ

የፍሊንደርስንና የቦዳንን የባሕር ጉዞ ልብ ወለድ ለማድረግ ስነሳ ከምዕራፍ በፊት ሠንጠረዥ ሠራሁ። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ ቀኑ፣ የፍሊንደርስ መርከብ ኢንቨስቲጌተር ያለችበት ቦታ፣ የቦዳን መርከብ ዤኦግራፍ ያለችበት ቦታ፣ በዚያ ቀን አንዱ አዛዥ ስለ ሌላው የሚያውቀው። ልብ ወለዱን የተሸከመው አራተኛው ዓምድ ነው።

ፈረንሳዊው ኒኮላ ቦዳን ከለ ሃቭር የተነሳው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1800 ነው፤ እንግሊዛዊው ማቲው ፍሊንደርስ ደግሞ ጁላይ 1801። ሁለቱም የአውስትራሊያን ደቡባዊ ጠረፍ ሊያጠኑ ሄዱ፤ እያንዳንዱም ጠላት ከሆነው መንግሥት የተሰጠ የይለፍ ወረቀት ይዟል። የተገናኙት ኤፕሪል 8 ቀን 1802 ዛሬ ኢንካውንተር ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ነው።

በመጀመሪያ ያደናቀፈኝ የቀን ቆጠራ ነበር። ፈረንሳዮቹ በፈረንሳይ አብዮት የቀን አቆጣጠር ዕለቱን ዤርሚናል 18፣ 10ኛው ዓመት ይሉታል። ባለ 30 ቀን 12 ወራት፣ መጨረሻ ላይ 5 ወይም 6 ትርፍ ቀን፤ ጳጉሜን ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1794 ነው። በዛሬው ልማድ ከቆጠራችሁ መጋቢት 30 ይወጣባችኋል፤ በዚያ ክፍለ ዘመን በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበርና።

ኬንትሮስ ላይ ስህተቱ ይብሳል። ፈረንሳዮቹ ከፓሪስ፣ እንግሊዞቹ ከግሪኒች ይለካሉ፤ በፈረንሳዩ ቁጥር ላይ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ካልደመራችሁ ዤኦግራፍ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ትሸሻለች። ከምሥራቅ የምትመጣ መርከብ ስለሆነች ገና ሳይገናኙ ኢንቨስቲጌተርን አልፋ ሄዳለች ማለት ነው! ጥልቀትም እንዲሁ፤ የእንግሊዙ ፋተም 1.83 ሜትር፣ የፈረንሳዩ ብራስ 1.62 ሜትር ነው። ሁሉንም ወደ ሜትር ለውጬ በሠንጠረዡ ያዝኩ፤ በንግግር ውስጥ ግን እያንዳንዱ መርከበኛ በራሱ መለኪያ እንዲናገር ተውኩት።

የመገናኘቱን ትዕይንት ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የእንግሊዙ ጠባቂ መጀመሪያ ያየው ነጭ ዐለት መስሎት ነበር። ቦዳን ደግሞ ከእሱ ተነጥላ የነበረችው ጓደኛ መርከቡ ናቱራሊስት የመጣች መሰለው። ፍሊንደርስ ለውጊያ ተሰናዳ፤ መድፍ የተደረደረበትን ጎን ወደ ፈረንሳዮቹ አዙሮ ቆየ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው የአሚየን የሰላም ውል ከተፈረመ 14 ቀን ሆኖታል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አልሰሙም። በመጀመሪያ ረቂቄ አንድ መኮንን ስለ ሰላም ተስፋ ሲናገር ውሉን የሚያውቅ አስመስዬው ነበር፤ ስህተቱን ያስያዘኝ አራተኛው ዓምድ ነው።

ከዚያ ፍሊንደርስ ወደ ዤኦግራፍ ተሻግሮ በአዛዡ ክፍል ውስጥ የሆነው አለ። ከሁለቱ አዛዦች ሌላ የተገኘው የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን ብቻ ነው። ፍሊንደርስ ቦዳን ስሜን የጠየቀኝ ስንለያይ ነው ይላል፤ ቦዳን ግን ፍሊንደርስ ሲገባ ስሙን እንዳወቀ ጽፏል። ሁለቱን ላስታርቅ ብዬ መካከለኛ ትዕይንት ስጽፍ በድን ሆነ። ያዳነኝ ሁለት ምዕራፍ አድርጌ ማስቀመጤ ነው፦ በአንዱ ቦዳን እንግዳው ማን መሆኑን ሳያውቅ እንግዳው ራሱ የሠራውን የባስ ሰርጥ (በአውስትራሊያና በታዝማኒያ መካከል ያለው የባሕር መተላለፊያ) ካርታ ይነቅፋል፤ በሌላው ስሙን ሰምቶ ማን ፊቱ እንደተቀመጠ ገብቶታል። የፉክክሩ መራራነት የተገለጠልኝ እዚያ ነው፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ ባልተፈጠረ ጦርነት ልሞላው የነበረውን ገጽ ሰረዝኩ።

የመርከብ ቃላትን አሳነስኩ። መልሕቅ፣ ሸራ፣ ደቀልና መሪ ይበቃሉ፤ የገመዶቹን ሁሉ ስም መደርደር አንባቢን ያሰጥማል።

መጨረሻውን የት ላድርገው የሚለው ብዙ አከራከረኝ። ቦዳን በሴፕቴምበር 1803 ያኔ የፈረንሳይ በነበረችው በሞሪሸስ ደሴት ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ጦርነቱ ዳግም ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ ፍሊንደርስ እዚያው ደሴት ደርሶ ተያዘ፤ የይለፍ ወረቀቱ የተሰጠው ለኢንቨስቲጌተር ሲሆን እሱ የመጣው ኩምበርላንድ በተባለች ሌላ መርከብ ነበር። እስከ 1810 አልተለቀቀም። እሱ እስር ላይ ሳለ በ1807 የታተመው የፈረንሳዮቹ መጽሐፍ እሱ የለካውን ጠረፍ ጭምር የናፖሊዮን ምድር ብሎ ሰየመው። ልብ ወለዴን የዘጋሁት እዚያ ላይ ነው፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ታስሮ፣ ስያሜው የሁለቱም ሳይሆን።