የአያቴን ባለሁለት አፍ ለማን ልስጠው?

ዛሬም ዝናብ። ጅማ ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብትወጣ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፣ ሰዓት ሳትሞላ ትመለሳለች። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ላስጠግነው ወዲያ ወዲህ ስል የከረምኩበት የአያቴ ጠመንጃ ደግሞ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎለት አልጋው ላይ እንደ እንግዳ ተጋድሟል። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች። ይሄ ደግ ምልክት አይደለም።

ጠመንጃው የቤልጅግ ሥራ ነው። ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት አፈሙዞች፣ ሁለት ምላጭ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ፍየል ጆሮ ወደ ኋላ የሚጎተቱ ሁለት መምቻዎች አሉት። 12 ቁጥር ነው። (ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስሰማ ገርሞኛል፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ሲከፈል የአንዱ ውፍረት የአፈሙዙ ስፋት ነው፣ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል።) አያቴ ሰቃ ጨቆርሳ በቆሎው ሲደርስ ይሄንን ይዞ ነበር ማማ ላይ የሚያድረው፤ ሌሊት ለከርከሮ፣ ቀን ለዝንጀሮ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማይ ነበር የሚተኩሰው ይላሉ፣ ያውም በስስት፣ ጥይት ውድ ነዋ።

እሱ ካረፈ በኋላ ጠመንጃው እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። አያቴ ቤት ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ነበር የሚቀመጠው፣ ጭሱ ያደርቀዋል፣ በየሳምንቱ በስፌት መኪና ዘይት ይወለወላል። እኛ በጨርቅ ጠቅልለን ቆለፍንበት። የጅማ እርጥበት ደግሞ ቁልፍ አያግደውም። ስንከፍተው ብረቱ ቡናማ ሆኗል፣ እጄ ላይ እንደ በርበሬ ይራገፋል። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

ወረቀቱ አሁን በኔ ስም ነው። እሱን ለማዛወር የተመላለስኩትን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ አሁን ካነሳሁት ደሜ ይፈላል። ብቻ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠገንም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠጋኝ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ሆነ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ሥራውን ነው ወረቀቱን የምትፈልገው?» አለኝ። ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የባሰ ፈጣን። ጠመንጃውን ገና ሳይከፍተው ምን እንደሚያደርግ ነገረኝ፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ፣ ብረቱን የፈላ ኬሚካል ውስጥ ነክሮ ጥቁር በጥቁር፣ ከፈለግኩ ደግሞ አፈሙዙን አንድ ስንዝር ቆርጦ «አሪፍ» ማድረግ። ሦስት ቀን ብቻ። አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ ዓይኑ በራ። እኔ ግን ሰደፉ ላይ ያሉትን ሰባት ጭረቶች አየሁ። አያቴ በካራ የጫራቸው ናቸው፣ ሰባት ከርከሮ ይሁን ሰባት ዓመት ማንም አያውቅም። በብርጭቆ ወረቀት አምስት ደቂቃም አይቆዩም። «እናስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ። ጠመንጃውን ገለጥ አድርገው አዩት፣ መልሰው ገጠሙት፣ ሰጡኝ። «ልጄ፣ ክላሽ ብታመጣልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታልሃለሁ። ይሄ የኔ አይደለም።» ሻይ ጋብዘውኝ አዲስ አበባ ያሉ አንድ ሽማግሌ ስልክ ሰጡኝ። ሰው «አልችልም» ሲል እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነማዘዋወሪያ ወረቀቱ፣ በየኬላው እየወረድኩ እያሳየሁ ሄድኩ። ሽማግሌው ፈቃዳቸውን በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ መጠየቅም አላስፈለገኝ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አዩ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ወደ ሃያ ደቂቃ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አፈሙዞቹን ከሰደፉ ነጠሉና ከሥር ባለው መንጠቆ በጣታቸው አንጠለጠሏቸው፣ ከዚያ በእንጨት እጀታ ነካ አደረጓቸው። ሂርማታ ገበያ ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ ቆርቆር አድርጎ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ደህና ቢሆን እንደ ደወል ይጮህ ነበር። የኛው ጮኸና መሃል ላይ ተንዘረዘረ። «ሰማህ? ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ ብየዳው ለቋል።» ብየዳው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ነው አሉኝ፣ ለስላሳ። ያ ወጣት ሊነክርበት የነበረው የፈላ ኬሚካል ደግሞ በትክክል ይህንን ብየዳ ነው የሚበላው። ጥቁር በጥቁር ሆኖ ይወጣና ቆይቶ ሁለቱ አፈሙዞች ይፋታሉ። ሦስት ቀን ብሎኝ ነበር እኮ።

ከዚያ በአጉሊ መነጽር ማህተሙን አሳዩኝ። ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት፣ ከላይ ዘውድ። ይህ ማህተም የቤልጅጓ ሊዬዥ ከተማ ጠመንጃ የሚፈተንበት ቤት ማህተም ነው። ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፣ ዘውዱ የተጨመረው ደግሞ በ1893። ስለዚህ የኛው ከዚያ ወዲህ የተፈተነ ነው። ዝገቱንም አንድ ጥግ ላይ ቀስ ብለው ገለጡት። አፈሙዙ ከብረት ጥብጣብ እንደ ሹሩባ ተጠምዝዞ የተሠራ ቢሆን መልኩ ይታይ ነበር፣ ያ ዓይነቱ የተሠራው ለድሮ ጥቁር ባሩድ ስለሆነ የዛሬ ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። የኛው ወጥ ብረት ነው። እፎይ ልል ስል የጥይት መጉረሻውን ለኩ። 65 ሚሊ ሜትር። ዛሬ በብዛት ያለው ጥይት 70 ነው። ክፋቱ፣ 70ው 65 ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ምክንያቱም 70 የሚባለው ተተኩሶ ጫፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ሲተኮስ መከፈቻ ቦታ ያጣና ግፊቱ ወደ ኋላ ይጨምራል። የአጎቴ ልጅ ባለፈው ወር «አንዴ እንሞክረው» ሲለኝ የነበረው ትዝ አለኝና ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«ልትተኩስበት ነው ወይስ ልታየው?» አሉኝ ድንገት።

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሰው ዘንድ ሄጃለሁ፣ ይህንን የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አየሩን ለመሙላት ያህል ስለ እንጨቱ ለፈለፍኩ፤ ጅማ በርጩማ የሚፈለፍሉ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ፣ ለምን በዋንዛ አዲስ ሰደፍ አላሠራም አልኳቸው። «ዋንዛ ይቀመጡበታል እንጂ አይተኩሱበትም» አሉ ሳይስቁ። አንገቱ ላይ እንጨቱ እንዲያ ሲቀጥን የሚችለው ጠንካራ፣ ጭረቱም ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ እንጨት ነው። ለክንዴ አጭር መሆኑን ስነግራቸው ግን ተስማሙ። እንጨቱን ሳይነኩ ከኋላው የሚጠለቅ ቆዳ ያሠሩለታል። ልጄ ክንዱ አጭር ከሆነ ያወልቀዋል።

ብረቱን የሚያጠቁሩት በቀስታው መንገድ ነው። ዝገት የሚያወጣ ውህድ ይቀቡታል፣ ይዝጋል፣ ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ቡናማው ይጠቁራል፣ ይቦረሻል፣ እንደገና። ቀናት ይፈጃል። ለመዛጉ እርጥብ አየር ይፈልጋል። «የናንተ ጅማ ቢሆን ግማሽ ሥራውን አየሩ ይሠራልኝ ነበር» አሉ። ያበላሸውም አየሩ እኮ ነው! ዋጋውን አልጽፍም፣ ሚስቴ ይህንን ታነባለች።

ከዚያ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ በጣታቸው ነኩ። ከሥሩ ስንጥቅ አለ። ማጣበቅ ይቻላል፣ ሽቦውም ይወጣል፣ ያማረ ይሆናል። ሊተኮስበት ከሆነ ግን ማጣበቅ አይበቃም፣ ሰደፉ ይለወጣል፣ ጭረቶቹም አብረው ይሄዳሉ። «ዛሬ አልቀበልህም፣ ቤትህ ሄደህ ወስን» ብለው መልሰው ሰጡኝ። 350 ኪሎ ሜትር መጥቼ!

ለዚህ ነው አልጋዬ ላይ የተጋደመው። ትናንት ማታ አባቴ ጋ ደወልኩና ስለ ሽቦው ጠየቅኩት። አያቴ ነው የጠመጠመው ብዬ ነበር የማስበው። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከማማው ስወርድ ጣልኩት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እንደሚገርፈኝ ጠብቄ ስንቀጠቀጥ ሽቦ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ አንተ ሰበርከው አንተ እሰረው አለኝ። ሦስቴ አስፈታኝ። አራተኛውን ነው የምታየው።»

አሁን ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት ዙር ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ተደራርበዋል። ማክሰኞ መኪና እይዛለሁ። አልተኩስበትም። ብረቱን ያድሱልኝ፣ ሽቦውን ግን እንዳይነኩት እነግራቸዋለሁ።