«ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መኪናው ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ። ቶሎ ቤት መግባት አላሰኘኝም።

እዚህ አሜሪካ አስተርጓሚ ነኝ። የዛሬው የማስታወስ ምርመራ ነበር። አንድ አባት፣ የመኪና አደጋ፣ የካሳ ክስ። (ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ነገሩን ቀያይሬዋለሁ።) መርማሪዋ ማወቅ የፈለገችው መርሳታቸውን ብቻ አይደለም። እያስመሰሉ እንዳይሆንም ጭምር ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፈተና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። 50 ስዕሎች አንድ በአንድ ያሳዩሃል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ያየኸው የቱ ነው? በቃ። ሲያዩት የሚከብድ ይመስላል እንጂ፣ ጭንቅላታቸው የምር የተጎዳ ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ ያልፉታል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው 25 አካባቢ ያገኛል። 10 ብቻ ያገኘስ? እሱ መልሱን ያውቀዋል። ካላወቀማ እንዴት እንዲህ ለይቶ ይሸሸዋል?

የኛ አባት ግን መገመት እምቢ አሉ።

«እንጃ ልጄ።»

«ይገምቱ ትላለች አባባ።»

«ያላየሁትን አየሁ ልበል? ውሸት አይሆንም?»

እንዳለ ተረጎምኩት። መርማሪዋ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። ውሸት ለመያዝ በተሠራ ፈተና ላይ መዋሸት የፈራ ሰው!

አስመሳይ የለም አልልም። ቪንሰንት ጂጋንቴ የሚባለው የኒው ዮርክ ማፊያ አለቃ ስንት ዓመት በጋዋን መንገድ ለመንገድ እያጉረመረመ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስመሰሉን አመነ።

ደግሞ የሬይ 15 ምልክቶች የሚባል ሌላ ፈተና አለ፤ ምልክቶቹን አይተህ ከትውስታህ ትስላቸዋለህ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፤ 1፣ 2፣ 3፤ ክብ፣ አራት ማዕዘን እያለ ይሄዳል። ፈረንጅ ፊደል ለቆጠረ ሰው ቀላል ነው፤ አምስቱን ረድፍ ከያዘ ሁሉንም ያዘ። ላልቆጠረው ግን ያው 15 የተለያየ ነገር ነው። መርማሪዋ ይህን ተወችው፤ ደስ አለኝ።

ሲያልቅ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። የኔ ሥራ ማስተርጎም ነው አልኳት።

ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወጥተው ነበር። ይዤላቸው ሮጥኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። የኔ ጃኬትም እዚያው ቀርቷል፤ ነገ ተመልሼ መሄድ አለብኝ።