አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይስ ድሬዳዋ? ከኪራዩ በፊት ውሃውን ጠይቁ

ከተማ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጣራው የቤት ኪራይ ነው። እኔ ግን ከፍታንና ውሃን አስቀድማለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ወባ አያሰጋም። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስሉት ለዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት አትከራዩ። በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣም ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤት ጠይቁ።

አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ ይቻላል። ጊዜ የሚበላው ከቱሉ ዲምቱ እስከ መሃል አዲስ አበባ ያለው መጨናነቅ ነው። ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል። ስለዚህ ለልጆች የቧንቧ ውሃ ከጉድጓድ ይሻላል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ ወባም አለ። ጥላ ያለው ግቢ ከሰፊ ሳሎን ይበልጣል። ውሃው ኖራ ስላለው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እኩል ውሃና አቼቶ አፍልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ያስለቅቀዋል። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ግን ቤት አትያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ቢመስልም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል።